ዳማ በቀኝ አይዞርም

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ዛሬ ባለፈረስ ሆንን። ለሙስጠፋ ስነግረው "ጋሽ ጌታቸው፣ የት ሊያስሩት ነው? ፓርኪንጉ እኮ ለአንድ መኪና ብቻ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ሙስጠፋ ከታች ፎቅ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሁለታችንም በስልክ አፕ እየተጠራን በየመኪናችን ሰው እናመላልሳለን፤ እሱ ግን ከመንዳቱ መቀለዱ ይበልጥበታል። ይሳቅ። ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት ሐይቅ ዳር ከምንኖረው አበሾች መካከል ፈረስ ያለው እስቲ ሌላ ማን አለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ዮዲ ከሪችመንድ በላይ ኮረብታው ላይ ባለ ጋጣ ስትጋልብ ዓመታት ሆኗታል። ጋጣው የአሰልጣኟ የሉፔ ነው። ሉፔ አጭር፣ ቆፍጣና የሜክሲኮ ሴት ናት። ይችው ሉፔ ከእሽቅድምድም የተገለለ ፈረስ አምጥታ "ሞክሪው" አለቻት። ሚያዝያ ውስጥ ሳን ሆዜ የመሰናክል ዝላይ ውድድር አለ። እዚያ ሳይለግም ዙሩን ከጨረሰ ፈረሱ የዮዲ ይሆናል። ካልጨረሰ ኔቫዳ ለሚኖር ሰው ይሰጣል፤ ቱሪስት ተሸክሞ በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት ዕድሜው ያልቃል።

በሩጫ ዘመኑ ስሙ "ሌት ቼክአውት" ነበር አሉ። ይሄ የሆቴል ነገር ነው፣ ለፈረስ አይሆንም። መልኩ ዳማ ስለሆነ ዳማ ብዬዋለሁ። አንገቱን ቀና ሲያደርግ ደረቴ በኩራት ተነፋ። አባቴ ባልደራስ ነበር፤ የሰው ፈረስ ሲገራ ኖሮ የራሱ ፈረስ ሳይኖረው ሞተ። የልጅ ልጁ ግን ይኸው።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። ዳማ ወደ ግራ ሲዞር ቅቤ ነው። ወደ ቀኝ ሲሉት አንገቱ ይደርቃል፣ ዓይኑ ይፈጣል። ከቀኝ መታጠፊያ ቀጥሎ ባለው መሰናክል ሁሉ አልዘልም ብሎ ለገመ። ዮዲ አንዴ ወደቀች። ደህና ናት። ለእናቷ አልተነገረም።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ከሉፔ ጋር ተከራከርን። እኔ "ፈረስ ፈረስ ነው፤ አራት እግር ያለው ፍጡር ግራና ቀኝ ምን ያደርግለታል?" አልኩ።

"አሜሪካ ውስጥ ፈረስ የሚሮጠው ወደ ግራ ነው" አለችኝ። "ይሄ ልጅ ሕፃን ሆኖ ትራክ ላይ ከወጣ ጀምሮ ቀኝ መታጠፊያ ላይ ሮጦ አያውቅም። እንግሊዝ አገር በግራም በቀኝም የሚዞር ሜዳ አለ፤ እዚያም ቢሆን በአንዱ በኩል አንበሳ፣ በሌላው በኩል በግ የሚሆን ሞልቷል።"

ከዚያ ተንበርክካ በጣቷ አሸዋው ላይ ሣለችልኝ። ፈረስ ሲጋልብ አንደኛው የፊት እግሩ ይቀድማል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ግራው፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ቀኙ መቅደም አለበት። ዳማ ቀኝ መታጠፊያ ላይም ግራውን ያስቀድማል፤ ሚዛኑ ይበላሻል፤ እንደተበላሸ መሰናክሉ ፊት ይደርሳል። "እንደዚያ ሆነህ ብትደርስ አንተም አትዘልም" አለችኝ።

አንድ ሌላ ነገርም ነገረችኝ፤ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ፈረስ መሰናክሉን ሲዘል አያየውም። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ፣ ልክ ሊነሳ ሲል የመሰናክሉ ግንድ ከዓይኑ ይሰወራል። ከሩቅ ያየውን ይዞ፣ የኋላ እግሮቹን ሰብስቦ፣ የተቀመጠበትን ሰው አምኖ ነው የሚነሳው። እኔም "አውቃለሁ፣ የባልደራስ ልጅ ነኝ" አልኳት። አላውቅም ነበር። አባቴ ዝላይ አላስተማረኝም።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

የቀኝ መስታወቴን ዛሬም ሰበሩት። ሰበሩት ነው የምለው፤ ስኩተሩን አስፋልቱ ጫፍ ላይ ገትሮ የሄደው ሰው ነው የሰበረው። ይህ አልበቃ ብሎ አንድ ብስክሌተኛ ከየት መጣ ሳልለው ኮፈኑን በጥፊ መትቶ ሰደበኝ። ከኋላ የተቀመጠችው ተሳፋሪ እስከ ኩፐርቲኖ ትንፍሽ አላለችም፤ ስትወርድም ደህና ዋል አላለችኝ። በዚህ አገር ሰው ሁሉ በቀኝ በኩል ነው የሚሽሎከሎከው።

ሚስቴ የወርቅውሃ መስታወቱን አይታ "ዓይንህን ብትታይስ?" አለችኝ። አረጋውያን በምትንከባከብበት ቤት ስትውል ሰው ሁሉ በሽተኛ ይመስላታል። ዓይኔ ደህና ነው። ከፎቃችን ላይ ሆኜ ሐይቁ ማዶ የቆመውን የአውቶቡስ ቁጥር አነባለሁ።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ዳማን በልጓሙ ይዤ ሳዞረው በጭንቅላቱ ትከሻዬን ገጨኝ። ሁለተኛው ነው። ድንገት ነው የሚመጣው፤ ከጎኔ ሆኖ እንኳ አይታወቅም። እዚህ አገር ፈረስ የሚያዘው በግራው ቆሞ ነው፤ የሚወጣበትም በግራው ነው። እኔ ግን ዛሬ ዞሬ በቀኙ ቆምኩ፤ ወዲያው ሰላም ሆነ። ጆሮውን፣ ዓይኑን፣ ጋማውን፣ ሁሉንም እያየሁ ሄድኩ።

ሉፔ ከሩቅ "በግራው! በግራው!" ብላ ጮኸች። እኔም ስሚ አልኳት። በእኛ አገር ድሮ ጎራዴ የሚታጠቁት በቀኝ ነበር፤ ስለዚህ ፈረስ ላይ የሚወጡትም በቀኝ ነው። አባቴም በቀኝ ነበር የሚወጣው። ይሄ የፈረሰኛ ሕዝብ ባህል ነው። ሉፔ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችኝና "ጎራዴህ የት አለ?" አለችኝ። ዮዲ አልሳቀችም። እያየችኝ ነበር።

ዳማ መጀመሪያ ቀኙን ሰው ሲነካው ቆዳው ተንቀጠቀጠ። ዕድሜ ልኩን ሰው የሚመጣው በግራው ነው፤ በቀኙ የሚያውቀው የውጭውን አጥርና የሚያልፈውን ፈረስ ብቻ ነው። አይዞህ አልኩት። አማርኛ ይገባዋል።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ቀኝ መታጠፊያ፣ ትንሿ መሰናክል፣ ዘለለ! ቀኝ እግሩን አስቀድሞ! ዮዲ ከኮርቻው ላይ "አባ፣ አየህ?" ብላ ጮኸች። አየሁ እንጂ። ማታ ስልክ ለያዘ ሰው ሁሉ ደወልኩ። ባስልኤል፣ የቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ፣ "ልጅህ ነርሲንግ ጀመረች ወይ?" አለኝ። "የለም፣ ፈረስ ታዘልላለች" አልኩት። የሱ ልጅ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

የወርቅውሃ ማድ ቤት ሆና ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። "አይ፣ አይሰማም እኮ። እሑድ ደግሞ ቄሱ መስቀል ዘርግተውለት አልፏቸው ሄደ። ምን ልበላቸው? አፈርኩ።" ስለማን እንደሆነ አላውቅም። መስቀል አልፎ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?

የሻይ ብርጭቆዬን ሰሞኑን ሁልጊዜ በግራ እጄ በኩል ነው የምታስቀምጥልኝ። ግራኝ አይደለሁም። ምን እንደሆነች እንጃላት።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

መጻፍ አልፈልግም። ቢሆንም ልጻፈው።

ዳማ ሌላ ሜዳ እንዲለምድ ከኮረብታው ታች ወዳለው ሸለቆ ልንወስደው ነበር። የሉፔን ፒክአፕ ከነፈረስ መጫኛ ትሬለሩ እኔ ልንዳ አልኩ። ስንት ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ለልጄ ፈረስ ሌላ ሾፌር አያሻም። ሉፔ ዮዲን አየች፤ ዮዲ መሬት አየች። ቁልፉን ሰጡኝ።

ከግቢው ስወጣ ትሬለሩ የበሩን ምሰሶ መታ። በቀኝ በኩል። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ከሱ ይልቅ ደግሞ የዳማ ሰኮና ብረቱን ሲደበድብ። ስናወጣው ቀኝ ትከሻው ተልጦ ይደማል። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሟ ስፌት እንኳ አያስፈልገውም አለች። ፈረሱ ግን አብዷል። ማንንም አያስጠጋም።

ምሰሶው ወደ መንገዱ ወጥቶ ነው የተተከለው። ይህን ለሁሉም ነግሬአቸዋለሁ። ሉፔ "ዛሬ ከዚህ ወዲህ አንነጋገር" አለች። ዮዲ የመኪናዬን ቁልፍ ከእጄ ወሰደች፤ ኦክላንድ እስክንደርስ እሷ ነዳች። ቤት ስንገባ እናቷ "ምን ሆናችሁ?" አለች። "ምሰሶው" አልኩ።

ከበሩ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ያ ምሰሶ እዚያው ነበር። እስቲ ምን ሰይጣን አሳወረኝ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ራሴን አመመኝ ብያለሁ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ሥራ ቀዝቅዟል፤ ስለዚህ ጋጣ ነው የምውለው። ሙስጠፋ መንገዱ ነው፣ ጠዋት ያደርሰኛል። መንገዱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሪችመንድ ምን ሊሠራ ይሄዳል? አላልኩትም፤ እሱም አላለኝም። ዛሬ መኪናው ውስጥ "ጋሽ ጌታቸው፣ አፑን ዘጉት እንዴ?" ሲለኝ "ለፈረሱ ስል ነው" አልኩት። "ጥሩ አደረጉ" አለ። እንዲህ ያለ ቀልድ የሌለበት ዓረፍተ ነገር ከሙስጠፋ አፍ ሲወጣ ያስደነግጣል።

ዳማ በቀኙ ሰው አያስጠጋም። ሉፔን ሊነክሳት ደረሰ፤ ዮዲንም አይፈልግም። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ያቆሰልኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ካልታረቀ ከማን ጋር ይታረቃል? ዛሬ ካሮት ዘረጋሁለትና አንድ እርምጃ መጣ። ተመልሶ ሄደ። እንደገና መጣ።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

በቀኙ አብሬው ሄድኩ! ሜዳውን ሙሉ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ። አንገቱን ወደኔ አጠፈ። ትከሻዬ ላይ ተነፈሰ። ሉፔ አጥሩ ላይ ተደግፋ ስታይ ቆይታ "ጎራዴው ሠራ" አለች። እኔም አንገቴን ደፋ አላደረግኩም፤ ቀና አድርጌ ነው የሄድኩት።

ዮዲ ደግሞ ዛሬ ምን እንደነካት አላውቅም። ሣጥን ላይ ቁጭ ብዬ ልጓሙን ስጠርግ በቀኜ መጥታ ቆማ ኖሯል። ድንገት ዞር ስል ጆሮዬ አጠገብ ጣቶቿን ስታወዛውዝ ያዝኳት። እጇን ወደ ኋላ ደበቀች።

"ምንድነው?" አልኳት።

"ናቲንግ፣ አባ።" ቀጥላም፣ "ለምንድነው ሁልጊዜ በቀኙ የምትሆነው?"

"ነገርኩሽ እኮ። ባህላችን ነው።"

"እንደዚያ ስትሆን ዳማ በግራህ ነው። ያን ጊዜ ይታይሃል፣ ራይት?"

ልጓሙን መጥረጌን ቀጠልኩ። ጾም ነው፤ ሰው በጾም ብዙ አያወራም።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ትላንት ዮዲ ትልቁን መሰናክል በቀኝ አዘለለችው። ዛሬ ደግሞ ለገመ። ሉፔ የምትለው፣ የሚያውቀው ሰው በቀኙ ሲታየው ይዘላል፤ አጥሩ ባዶ ሲሆን ይለግማል። የሳን ሆዜው ዙር ውስጥ ሁለት ቀኝ መታጠፊያ አለ፤ ሁለተኛው ከባዱ ነው። ኔቫዳ ያለው ሰውዬ ትላንት ደውሏል አሉ። በሐሳቤ በረሃው ውስጥ አየሁት፤ ዳማ ራሱን ደፍቶ፣ ላዩ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ወፍራም ሰው። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሌላም ነገር አስቤያለሁ። ያ ብስክሌተኛ ልጅ ነበር። የዮዲ እኩያ ቢሆን ነው። ኮፈኑን ባይመታው ኖሮ አላውቅም ነበር እኮ። እስቲ ምን ልሆን ነበር? ሰው ልገድል ነበር። ይህን መስመር ላጠፋው አሰብኩና ተውኩት።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ዮዲ ራት ላይ "ቅዳሜ ትሬለሩን ሙስጠፋ ይነዳል፣ አስክ አድርጌዋለሁ" አለች። የወርቅውሃ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሁለቱም እንድጮህ እየጠበቁ ነበር።

"ትክክል ነው" አልኩ። "ባልደራስ መኪና አይነዳም። የባልደራስ ቦታ ፈረሱ ጋ ነው።"

የወርቅውሃ ሹሮውን ጨመረችልኝ። በግራ በኩል።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ከየት ልጀምር? ከሙስጠፋ ልጀምር። ከጋጣው እስከ ሳን ሆዜ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዳ። ከኋላችን የነበሩት ሁሉ ጡሩምባ ነፉበት፤ እሱ ደግሞ በመስኮቱ "ፈረስ ይዘናል!" ይላቸዋል። ይህን ሁሉ በአማርኛ።

ሜዳው ሲያዩት ያስፈራል። ሰው በሰው፣ ፈረሱ ሁሉ የሚያበራ፣ የባለ ፈረሶቹ ቡትስ ራሱ መልክ ያሳያል። እኔ ሱፌን ለብሼ ነበር። አንዷ ሴትዮ ሾፌር መስያት "ባለቤቱ የት ናቸው?" አለችኝ። ዮዲን አሳየኋትና "ልጄ ናት" አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሌሎቹም ይስሙ ብዬ።

ከውድድሩ በፊት ጋላቢዎቹ ዙሩን በእግር ሲያዩ ከዮዲ ጋር ገባሁ። ሁለተኛው ቀኝ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ቆመች። የአጥሩን ውስጠኛ ጥግ አሳየችኝ።

"አባ፣ እዚህ ቁም። ከዚህ አትንቀሳቀስ። ሲዞር በቀኝ ዓይኑ ያይሃል።"

"እኔስ አየዋለሁ?" አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ልጄ ክንዴን ይዛ አዞረችኝ፤ ፊቴን ወደ መታጠፊያው፣ ግራዬን እነሱ ወደሚመጡበት። "አሁን ታየናለህ" አለች። ከዚያ ሄደች።

ተራዋ ደረሰ። የግራዎቹን እንደ ውሃ አለፋቸው። የመጀመሪያውን ቀኝ መታጠፊያ ሰፋ አድርጎ ወሰደው፤ አመነታ፤ ዘለለ። ወደኔ ሲመጣ የሰኮናው ድምፅ መሬቱን አልፎ በጫማዬ ገባ። አንገቱ መድረቅ ጀመረ። ያቺን ድርቀት አውቃታለሁ። ትከሻው ላይ የቀረው ጠባሳ ታየኝ።

"አይዞህ፣ ዳማ! አይዞህ!"

ጆሮው ዞረ። ዓይኑ ዞረ። አንገቱን ወደኔ አጠፈና ቀኝ እግሩን አስቀደመ። ከዚያ ግንዱ ከዓይኑ ጠፋ፤ እኔም ጠፋሁበት፤ የቀረችው ዮዲ ብቻ ናት። እጇን ወደ ፊት ለቀቀችለት። ተነሳ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየሁም። የኋላ ሰኮናው የላይኛውን ግንድ ነክቶ ጣለው። ይጣለው! ሳይለግም ጨረሰ።

ስድስተኛ ወጡ። ሙስጠፋ አንደኛ የወጣን ያህል ነው የጮኸው። ሉፔ ዓይኗን በኮፍያዋ ጠርጋ ለዮዲ "ያንቺ ነው" አለቻት። ያቺ ሴትዮ ሳትቀር መጥታ ቀኝ መዞሩን ማን አስተማረው ብላ ጠየቀች። ዮዲ "አባቴ" አለች። እኔም የጎራዴውን ታሪክ ከሥሩ ጀምሬ ነገርኳት። ዮዲ የዳማን አንገት እያሻሸች ሰማችኝ። ግማሹ እውነት ነው።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ፣ ሆሳዕና

ጠዋት የመኪናዬን ቁልፍ ዮዲ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። "ያንቺ መኪና አርጅቷል" አልኳት። እሷም "ማክሰኞ የዓይን ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ፤ እኔ እነዳለሁ" አለችኝ። ሁለታችንም ስለ መኪና ያወራን ይመስል ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ዘንባባውን አስሯል። ባስልኤል በግራዬ መጥቶ "ሰማን እኮ! የጋላቢዋ አባት!" አለኝና ጨበጠኝ። የወርቅውሃ ነጠላዋን እያስተካከለች እንዳልሰማች ሆነች፤ እሷም ግን ፈገግ ብላለች። ቀና ብዬ ሄድኩ። ቀኜ እንደ ሰሞኑ ጭጋግ ነው። እዚያ ጭጋግ ውስጥ የዮዲን ሽቶ ሸተተኝ። በቀኜ መጥታለች። ክንዷን በክንዴ ውስጥ አስገባች።

"አባ፣ ደረጃ" አለችኝ በጆሮዬ።

አላየሁትም። እግሬን አነሳሁ።